በመኪና ውስጥ አልፎ አልፎ የሚሸት ቤንዚን፤ ምንጩ እንዴት ይገኛል?

ጠዋት ሞተሩ ሲነሣ ለሦስትና ለአራት ደቂቃ ያህል ቤንዚን ይሸታል፤ ከዚያ ይጠፋል። በማግስቱ ምንም የለም። በሳምንቱ፣ ታንኩ በተሞላ ዕለት፣ ሽታው ተመልሶ ይመጣል። ባለንብረቱ ተሽከርካሪውን ወደ ጋራዥ በሚወስድበት ቀን ደግሞ ሽታው የለም፤ መካኒኩ ኮፈኑን ከፍቶ ይመለከታል፣ እርጥበት አያይም፣ «ምንም ችግር የለበትም» ብሎ ይመልሰዋል። በዚህ መንገድ ደጋግሞ የተመላለሰ፣ ፓምፕና ፊልትሮ ያለ ምክንያት ያስለወጠ፣ በመጨረሻም ሽታውን ለምዶ የተወው አሽከርካሪ ጥቂት አይደለም።

ችግሩ በቦንጋ፣ በደካና በአጠቃላይ በካፋ ዞን ለሚገኙ ባለንብረቶች የሚከብድበት የራሱ ምክንያት አለው። የተሟላ መመርመሪያ ያለው ጋራዥ ፍለጋ ወደ ጅማ መሄድ 100 ኪሎ ሜትር ያህል መንዳትን ይጠይቃል፤ ወደ አዲስ አበባ ከሆነ ከ450 ኪሎ ሜትር ያላነሰ ጉዞ ነው። ይህን ሁሉ መንገድ ሄዶ «ዛሬ አይሸትም» የሚል መልስ ይዞ መመለስ ገንዘብንም ጊዜንም ይበላል። ስለሆነም ወደ ጋራዥ ከመሄድ በፊት ባለንብረቱ ራሱ ሊያከናውነው የሚችለው ሥራ አለ። ሥራው መፍቻ አይፈልግም፤ በዋነኛነት የሚያስፈልገው ትንሽ ደብተርና ትዕግሥት ነው።

ሽታው ምን ያህል ሊያሳስብ ይገባል?

ቤንዚን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በሆነ ቅዝቃዜ እንኳ ለመቀጣጠል የሚበቃ ተን ይሰጣል። ናፍጣ በአንጻሩ ከ50 ዲግሪ በላይ ካልሞቀ ይህን ያህል ተን አይኖረውም። የናፍጣ መኪና ሽታ ደስ የማይል ቢሆንም የቤንዚን መኪና ሽታ ያህል አስቸኳይ የማይሆነው በዚህ ምክንያት ነው። የቤንዚን ተን ከአየር ሦስት እስከ አራት እጥፍ ስለሚከብድ ወደ ላይ አይበንም፤ ወለል ለወለል ይሄዳል፣ በዝቅተኛ ቦታ ይጠራቀማል። በሩ የተዘጋ የመኪና ማቆሚያ ቤት፣ መካኒክ መኪና ሥር ገብቶ የሚሠራበት ጉድጓድ፣ የመኪናው የእግር ማሳረፊያ ወለል ይህ ተን የሚያርፍባቸው ስፍራዎች ናቸው።

ተኑ የሚቀጣጠለው በአየር ውስጥ ያለው መጠን ከ1.4 በመቶ በላይና ከ7.6 በመቶ በታች ሲሆን ነው። የሰው አፍንጫ ደግሞ ከዚህ እጅግ ያነሰ መጠን፣ ከሚሊዮን ጥቂት እጅ ብቻ የሆነውን፣ ያሸታል። ይህ ማለት ቤንዚን የሸተተው መኪና ሁሉ ወዲያው የሚቃጠል ነው ማለት አይደለም። ነገር ግን አፍንጫ ቶሎ ይለምዳል፤ ሽታው ከተሰማ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ምንም ሳይቀንስ «የጠፋ» ሊመስል ይችላል። ሽታው በእርግጥ መጥፋቱን ለማወቅ አስተማማኙ መንገድ ከውጭ የመጣ፣ በመኪናው ያልተጓዘ ሌላ ሰው እንዲያሸት ማድረግ ነው።

ጉዳዩ በእሳት ብቻ አያበቃም። ቤንዚን በስሙ የሚቀራረበውን ቤንዜን የተባለ ንጥረ ነገር በጥቂቱ ይይዛል፤ ይህንንም ንጥረ ነገር ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያስከትል ከተረጋገጡት መካከል በአንደኛው ምድብ መድቦታል። ሕፃናትን በየቀኑ ወደ ትምህርት ቤት የሚያመላልስ መኪና ቤንዚን እየሸተተ ሊቀጥል አይገባም። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ በተደጋጋሚ የሚከሰተው መኪና ውስጥ ብቻ ከሆነም ይህ ራሱ ምልክት ነው።

የካፋ መንገድና ቤንዚን

ቤንዚን እንደ ውኃ አንድ ወጥ ፈሳሽ አይደለም፤ የብዙ ፈሳሾች ድብልቅ ነው። ከውስጡ ቀላሎቹ ከ30 እስከ 40 ዲግሪ ባለው ሙቀት መፍላት ይጀምራሉ። የአየር ግፊት ሲቀንስ ደግሞ ሁሉም ፈሳሽ ቀድሞ ይፈላል። በአዲስ አበባ ውኃ በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ እንደሚፈላ ልብ ይሏል፤ በከተማዋ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛውን ያህል ብቻ ስለሆነ ነው።

ከአዲስ አበባ ወደ ቦንጋ የሚወስደው መንገድ ይህን ሁሉ በአንድ ቀን ያሳያል። ጉዞው ከ2,300 ሜትር በላይ ከሆነ ከፍታ ተነሥቶ ወደ ሞቃቱ የጊቤ ሸለቆ ይወርዳል፤ ወደ ጅማ ይወጣል፤ ከዚያ ወደ ጎጀብ ወንዝ ወርዶ እንደገና ወደ ቦንጋ ዳገት ይወጣል። በሸለቆው ሙቀት የተን መጠን በታንኩ ውስጥ ይጨምራል፤ ዳገቱን ሲወጣ የውጭው ግፊት ስለሚቀንስ ተኑ መውጫ ይፈልጋል። ፈሳሹም ራሱ ይለጠጣል፦ 50 ሊትር ቤንዚን ሙቀቱ በ20 ዲግሪ ሲጨምር አንድ ሊትር ያህል ተጨማሪ ቦታ ይፈልጋል። ታንኩ እስከ አንገቱ ተሞልቶ ከሆነ ይህ አንድ ሊትር የሚሄድበት ስፍራ የለውም።

ጠጠር መንገድ በበዛበት አካባቢ ከመኪናው ወለል ሥር የሚያልፉት የነዳጅ ቱቦዎች በድንጋይ ይመታሉ። በካፋ ለረጅም ወራት የሚዘንበው ዝናብና ጭቃ ደግሞ ብረቱን ያዝጋል፤ በተለይም ቱቦው ከወለሉ ጋር በታሰረበት፣ ጭቃ በሚቋጥረው ቦታ። መሬት ለመሬት የሚሄዱ የስፖርት መኪኖች ከሁሉ የበለጠ የሚጎዱት በዚህ ነው።

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑ ይታወሳል። አገር ውስጥ ያሉት የቤንዚን መኪኖች ለተጨማሪ ዓመታት ማገልገላቸው አይቀርም፤ የጎማ ቱቦዎቻቸውም አብረዋቸው ያረጃሉ።

ሽታው መቼ መጣ?

በደብተሩ ላይ የሚጻፈው ቀላል ነው፦ ሰዓቱ፣ ሞተሩ ቀዝቃዛ ወይም ሙቅ መሆኑ፣ የነዳጁ መጠን፣ መኪናው የቆመበት መሬት ሜዳ ወይም ተዳፋት መሆኑ፣ መስኮት መከፈቱና መዘጋቱ፣ ዝናብ መኖሩ። ሽታው ያልነበረበትም ቀን መመዝገብ አለበት። ብዙዎች የሸተተበትን ብቻ ይጽፋሉ፤ ሆኖም ምንጩን የሚለየው በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ነው።

ሽታው ጠዋት በቅዝቃዜ መጥቶ ሞተሩ ሲሞቅ የሚጠፋ ከሆነ ጥርጣሬው በኢንጀክተሮቹ ሥር ባሉት ክብ ጎማዎችና በቱቦ መጋጠሚያዎች ላይ ያርፋል። ያረጀ ጎማ በብርድ ይኮማተራል፣ ይደርቃል፤ ሲሞቅ ተለጥጦ ቀዳዳውን ይደፍናል። በብዙዎቹ የኢንጀክተር መኪኖች የነዳጁ ግፊት ከ3 እስከ 4 ባር ስለሚደርስ ጠብታዋ ትንሽ ብትሆንም ተገፍታ ትወጣለች። በሞቀ ብረት ላይ ስትወድቅ ወዲያው ትተናለች፤ መካኒኩ ከሰዓት በኋላ ሲመለከት ደረቅ የሚያገኘው ለዚህ ነው። እንዲህ ያለውን መኪና ማታ ጋራዥ አሳድሮ ጠዋት ከመነሣቱ በፊት ማስመርመር እንጂ እየነዱ ወስዶ ማሳየት አይጠቅምም።

ሽታው መኪናው ከቆመ ከአሥርና ከሃያ ደቂቃ በኋላ የሚመጣ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። ሞተር ሲጠፋ ማራገቢያውም ነፋሱም ይቆማሉ፤ የሞተሩ ሙቀት ግን ወደ ላይ መውጣቱን ይቀጥላል። በካርቡራቶር የሚሠሩ አሮጌ መኪኖች በጎድጓዳው ውስጥ የቀረው ቤንዚን በዚህ ሙቀት ይተናል። መጠነኛ ከሆነ የሥሪቱ ጠባይ ነው፤ ከበዛ ግን የካርቡራቶሩ ጓርኒሲዮን ወይም ተንሳፋፊው መፈተሽ ይኖርበታል።

ነዳጅ በተሞላ ዕለት ብቻ የሚሸት መኪና ምንጩ ሁልጊዜ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ ከታንኩ የላይኛው ክፍል ነው። የመሙያው አንገት የጎማ መጋጠሚያ፣ የታንኩ ክዳን፣ የነዳጅ መለኪያውና ፓምፑ የተገጠሙበት ክዳን ጓርኒሲዮን፣ የመተንፈሻ ቀጫጭን ቱቦዎች፤ እነዚህ ሁሉ ታንኩ እስከ ግማሽ ሲሆን ነዳጅ አይነካቸውም። በብዙ አውቶሞቢሎች የፓምፑ ክዳን የሚገኘው ከኋላ መቀመጫ ሥር ነው፤ መቀመጫውን አንሥቶ ማሽተት ብቻውን መልስ የሚሰጥበት ጊዜ አለ።

እዚህ ላይ ስለ ከሰል ማጠራቀሚያው መናገር ያስፈልጋል። ከታንኩ የሚወጣው ተን ወደ ውጭ እንዳይለቀቅ በከሰል የተሞላ ቆርቆሮ ወይም ፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ እንዲያልፍ ይደረጋል፤ ከሰሉ ተኑን ይይዛል፣ ሞተሩ ሲሞቅ አንድ ቫልቭ ተከፍቶ ተኑ ወደ ሞተሩ ተስቦ ይቃጠላል። አሠራሩ በአሜሪካ፣ በካሊፎርኒያ ግዛት ከ1970 እ.ኤ.አ. ሞዴሎች ጀምሮ የተጠየቀ ሲሆን ዛሬ በአብዛኞቹ የቤንዚን መኪኖች ላይ አለ። ከሰሉ የሚይዘው ተን እንጂ ፈሳሽ አይደለም። የማደያው ቀጂ ራሱን ካቆመ በኋላ «ትንሽ ጨምርበት» ማለት ፈሳሽ ቤንዚን ወደዚህ ዕቃ እንዲገባ ያደርጋል፤ የረጠበ ከሰልም ሥራውን ያቆማል። ነዳጅ እንደልብ በማይገኝበት ወቅት ታንኩን እስከ ጥግ የመሙላት ፍላጎት የሚገባ ቢሆንም ጉዳቱ ከትርፉ ይበልጣል።

ይህ ስጋት የአሮጌ መኪኖች ብቻ አይደለም። በ2017 እ.ኤ.አ. ላምቦርጊኒ የተባለው የጣሊያን አምራች አቬንታዶር የተሰኙ የስፖርት መኪኖቹን፣ በዓለም ዙሪያ ወደ 5,900 የሚጠጉትን፣ ለጥገና ጠርቷል። ምክንያቱ ታንኩ ከመጠን በላይ ሲሞላ ነዳጅ ወደ ተን መቆጣጠሪያው ሊገባና መኪናው ቆሞ ሞተሩ በኃይል ሲጮህ ተኑ ከጭስ ማውጫው ሙቀት ጋር ሊገናኝ መቻሉ ነበር። እጅግ ውድ በሆነ መኪናም በአሮጌ ኮሮላም ጥያቄው ያው ነው፦ ታንኩ ሲሞላ ተኑ በየት ይወጣል?

ነፋስም ምስክር ነው። የመኪናው ውስጠኛ ክፍል ንጹሕ አየር የሚስበው ከፊት መስታወት ግርጌ፣ ከኮፈኑ ጫፍ ነው። መኪናው ቆሞ ሞተሩ ሲሠራ የሚሸት፣ አየር ማስገቢያው ሲዘጋና የውስጡ አየር ብቻ እንዲዘዋወር ሲደረግ የሚቀንስ ሽታ ከሞተር ክፍል የመጣ ነው። አየር ማስገቢያው ተዘግቶ የሚብስ ከሆነ ግን ምንጩ ከውስጥ፣ ከኋላ መቀመጫ ወይም ከዕቃ መጫኛው አቅጣጫ ነው። በጉዞ ላይ የኋላ መስኮት ሲከፈት የሚመጣ ሽታ ብዙውን ጊዜ ከማርሚታው የሚወጣ ያልተቃጠለ ነዳጅ ተመልሶ እየተሳበ ነው፤ ይህኛው ፈጥኖ መታየት ያለበት ከጭሱ ጋር ሽታ የሌለው መርዛማ ካርቦን ሞኖክሳይድ አብሮ ስለሚገባ ነው።

የሞተር ዘይት መለኪያው ዘንግ ሲወጣ ዘይቱ ቤንዚን ቤንዚን የሚል፣ መጠኑም ሳይጨመርበት ከፍ ያለ ከሆነ፣ ነዳጁ ወደ ውስጥ እየፈሰሰ ነው። እንዲህ ያለ መኪና መነዳት የለበትም፤ የቀጠነ ዘይት ሞተሩን ያበላሻል።

አንድ አብነት

ከአዲስ አበባ ወደ ቦንጋ የመጣች፣ ታንኳ ከመቀመጫዎቹ ጀርባ የሆነ ባለሁለት በር የስፖርት መኪና ትታሰብ። ባለቤቷ ለሦስት ሳምንት በመዘገበው ደብተር ላይ ሽታው አምስት ቀን ይገኛል። ከአምስቱ ሁለቱ ጠዋት፣ ሦስቱ ማታ ስለሆኑ ብርድና ሙቀት ምክንያት አይደሉም። ዝናብ የነበረው በሁለቱ ብቻ ነው። ነገር ግን በአምስቱም ቀን ታንኩ ከሦስት አራተኛ በላይ ነበር፤ በአምስቱም ቀን መኪናዋ አፍንጫዋን ወደ ዳገቱ አድርጋ በተዳፋት ላይ ቆማ ነበር። ታንኩ ሞልቶ በሜዳ ላይ በቆመችባቸው አራት ቀናት ሽታ አልነበረም።

ከዚህ በኋላ የሚቀረው ፍለጋ ጠባብ ነው። ነዳጁ ወደ ኋላ ሲያጋድል ብቻ የሚነካው፣ ከታንኩ አናት በስተኋላ የሚገኝ ነገር አለ ማለት ነው። መካኒኩ እዚያው ላይ ያለውን የመተንፈሻ ቱቦ በጣቱ ጠምዝዞ ሲመለከት፣ ቀጥ ሲል የማይታይ፣ ሲታጠፍ የሚከፈት ስንጥቅ ያገኛል። ጥገናው አንድ ክንድ የማይሞላ ቱቦና ሁለት ፋሸታ ነው። ያለ ደብተሩ ግን ፓምፑ፣ ኢንጀክተሮቹና ፊልትሮው ተራ በተራ ይለወጡ ነበር።

በቮልስዋገን፣ በተለምዶ ቮልስ በሚባለው መኪና፣ ነገሩ ይገለበጣል። ታንኩ ከፊት፣ ሞተሩ ከኋላ ነው፤ የፖርሽ 911 ሥሪትም በዚህ ይመስለዋል። ስለሆነም ቮልስ አፍንጫውን ወደ ቁልቁለት አድርጎ ሲቆም የሚሸት ከሆነ የፊተኛውን የዕቃ ማስቀመጫ ከፍቶ የታንኩን መሙያና መለኪያ ማየት ይገባል። ከኋላ ደግሞ ወደ ካርቡራቶሩ የሚገባው የጎማ ቱቦ ከሞቀ ሞተር በላይ ስለሚያልፍ ከሌላው ሁሉ ቀድሞ መለወጥ ይኖርበታል።

ጋራዥ ውስጥ

ደብተሩ ወደ አንድ አካባቢ ካመለከተ በኋላ መካኒኩ ያንን አካባቢ በነጭ ወረቀት ወይም በንጹሕ ነጭ ጨርቅ ይጠርጋል፤ የተነነ ቤንዚን ብዙ ጊዜ ቢጫ ወይም ቡናማ አሻራ ይተዋል። ከ1996 እ.ኤ.አ. በኋላ ለአሜሪካ ገበያ፣ ከ2001 እ.ኤ.አ. በኋላ ደግሞ ለአውሮፓ ገበያ የተሠሩ የቤንዚን መኪኖች በኮምፒዩተር ሊነበቡ ይችላሉ፤ ፒ0442 እና ፒ0455 የሚሉት ኮዶች የተን መቆጣጠሪያው እንደሚያፈስ ያመለክታሉ። ኮድ አለመኖሩ ግን ጤንነትን አያረጋግጥም፤ በሁሉም ገበያ የተሸጡ መኪኖች ይህን ፍተሻ አያደርጉም። በተን ቱቦዎች ውስጥ አነስተኛ ግፊት ያለው ጭስ እያስገባ ስንጥቁን የሚያሳይ መሣሪያ ያለው ጋራዥ ከተገኘ ብዙ ድካም ይቀንሳል።

የሚገጠመው ቱቦ የነዳጅ ቱቦ መሆን አለበት። የውኃ ጎማ ወይም ብርሃን የሚያሳልፍ ተራ ፕላስቲክ በቤንዚን ይለሰልሳል፣ ከዚያ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። በቱቦው ጎን ኤስኤኢ ጄ30 አር7 የሚል ጽሑፍ ካለ ለካርቡራቶር መኪና፣ አር9 ካለ ለኢንጀክተር መኪና የተሠራ ነው። ሁለቱን ማለዋወጥ፣ በተለይም አር7 የሆነውን በከፍተኛ ግፊት ላይ መግጠም፣ አዲስ አደጋ መፍጠር ነው። አንድ ክፍል ከተለወጠ በኋላ ሌላ ነገር ሳይነካ ለጥቂት ቀን መጠበቅ ይመከራል፤ ሦስት ነገር በአንድ ጊዜ ከተለወጠ የትኛው እንደነበር አይታወቅም።

በፍለጋው ወቅት ክብሪት፣ ላይተር፣ ጧፍ ወይም ፋኖስ ማብራት ክልክል ነው። በሽቦ የሚንጠለጠለው ባለ አምፖል መብራትም ቢወድቅና ቢሰበር እሳት ይፈጥራል፤ በባትሪ የሚሠራ የእጅ መብራት ይሻላል። ቤንዚን እየፈሰሰ ከታየ ሞተሩ ይጠፋል፣ ተሳፋሪዎች ይወርዳሉ፣ መኪናው ዳግም አይነሣም፤ ስልክ መደወልም ከመኪናው ራቅ ብሎ ነው። በአዲስ አበባ የእሳትና አደጋ ስልክ 939 ነው፤ በሌሎች ከተሞች ያሉ ባለንብረቶች የአካባቢያቸውን የፖሊስና የእሳት አደጋ ስልክ አስቀድመው መያዝ ይኖርባቸዋል።

ምርመራ፣ ግዢና ጭነት

በአዋጅ ቁጥር 681/2002 መሠረት የሚደረገው ዓመታዊ የተሽከርካሪ ምርመራ መኪናውን በቀረበበት ዕለት ባለው ሁኔታ ያያል። አልፎ አልፎ የሚመጣ ሽታ በዚያ ዕለት ላይኖር ይችላል፤ ቦሎ መለጠፉም የነዳጅ ቱቦዎቹ ለዓመቱ ሙሉ ዋስትና አላቸው ማለት አይደለም። ባለንብረቱ ችግሩን ለመርማሪው አስቀድሞ ቢናገርና ደብተሩን ቢያሳይ ምርመራው ወደ ትክክለኛው ቦታ ያመራል። «ከተናገርኩ ይጥሉኛል» የሚለው ስጋት የሚታወቅ ነው፤ ይሁን እንጂ በምርመራ ላይ የሚገኝ ስንጥቅ በመንገድ ላይ ከሚገኘው ይቀላል።

ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰው መኪናውን ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይነሣ፣ ታንኩም ሞልቶ ሳለ ቢያየው መልካም ነው። ሻጩ አስቀድሞ አሙቆት ከቆየና የነዳጅ መለኪያው ከሩብ በታች ከሆነ ሁለቱ ዋና ዋና ምልክቶች ሊሰወሩ ይችላሉ። ከውጭ ለገባ መኪና ደግሞ በሻንሲው ላይ ያለውን ባለ17 ፊደልና ቁጥር መለያ በአምራቹ ድረ ገጽ በማስገባት ለጥገና ተጠርቶ ሳይጠገን የቀረ መሆኑን ማየት ይቻላል።

በካፋ መኪና ከሰው ሌላ ቡናም ይጭናል። ጥሬ ቡና በአጠገቡ ያለውን ሽታ ይስባል፤ ከቤንዚን ጄሪካን ጋር የተጓዘ ወይም ተን በሚያፈስ መኪና ያደረ ጆንያ ቡና በቅምሻ ወቅት ባዕድ ሽታ ይገኝበታል፣ ደረጃውንም ያጣል። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በቦንጋ ባለው ማዕከል የሚያስረክብ አቅራቢ ኪሳራውን የሚያውቀው እዚያ ሲደርስ ነው። ነዳጅን በጄሪካን በመኪና ውስጥ መያዝ ሌላም ችግር አለው፤ ክዳኑ በሙቀት ተንፍሶ የሚሸተው ጄሪካን ለሳምንታት የመኪናው ብልሽት እየተባለ ይፈለጋል።

ቱቦው ከተለወጠ በኋላም ሽታው ወዲያው ላይጠፋ ይችላል። የወለሉ ምንጣፍና የመቀመጫው ስፖንጅ ተኑን ይዘው ይቆያሉ፤ ስለዚህ ምንጣፉ ወጥቶ ለጥቂት ቀን ነፋስና ፀሐይ ያግኘው፣ በሮቹም በቀን ክፍት ይሁኑ። ከዚያ ታንኩን ቀጂው ራሱን እስኪያቆም ድረስ ሞልቶ፣ መኪናውን ቀድሞ በሸተተበት ተዳፋት ላይ አቁሞ አሳድሮ፣ ጠዋት በመኪናው ያልተጓዘ ሰው እንዲያሸት ማድረግ ነው።